ባሌ የበጋ ብቻ አይደለም

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መባቻ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም አጨበጨብን። ጉዞ የሚያስበው ሰው ግን ዛሬም የሚሰማው ምክር ያው ነው፦ «ከኅዳር እስከ የካቲት ሂድ፣ በዝናብ አይመችም።» እኔ አልስማማም። ቢያንስ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ካለባት ከዲንሾ ከተማ በፈረስ የሚገባበት የወይብ ሸለቆ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ መቀበል ይችላል።

ተመራጭ የሚባለው በጋም ቢሆን ምቾቱ እስከ ማታ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን አጥንት ይሰብራል። 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የፓርኩ የሰነቴ አምባ ላይ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል።

ክረምት ላይ ጭቃም ጭጋግም አለ፣ አልክድም። አንዳንድ ወንዝ ሲሞላ አያሻግርም። ግን ሸለቆው አረንጓዴ የሚለብሰው፣ የፊንጫ ሀበራ ፏፏቴም የሚያገሳው ያኔ ነው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ዝናብ መጣ ብሎ አገር አይለቅም። ቀን ቀን አይጥና ፍልፈል ሲያድን ይውላል። የደጋ አጋዘን ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ ሜዳ ላይ በየትኛውም ወር ይገኛል።

እንዲያውም እንግዳው በአራት ወር ውስጥ መታጨቁ ነው የሚያሳስበኝ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ነው ያሉት። የሚወልዱት ደግሞ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ካሜራ ይዘን ወደ ጉድጓዳቸው የምንጋፋው ልክ ቡችሎቹ ሲወጡ ነው ማለት ነው። ጉብኝቱ በዓመቱ ላይ ቢበተን እነሱም ይተነፍሳሉ። ፈረስ አከራዩና መንገድ መሪውም በክረምት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

መዝናኛ ሲባል ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል የሚታያቸው ሰዎች አሉ። (እረፍት ማለት ሐዋሳ ሄዶ ዓሣ መብላት ነው ብለን የምናምነው ብዙዎቻችን ደግሞ ብርድ ገና ስንሰማ እንሸሻለን።) ወይብ ፎቅ አይፈልግም። ከጉዞ በኋላ እሳት ዳር መቀመጫ፣ የረጠበ ጫማ ማድረቂያ፣ የሚከራይ የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ፣ በጭቃ ወቅት ደግሞ ቀነስ ያለ የመግቢያ ዋጋ ይበቃል። ዲንሾ ላይ በአንድ ክረምት ሊሞከር የሚችል ነገር ነው።