ሁሉም ነገር ብርድ ነው?

ጎንደር ውስጥ ገና ጎልማሳ የሆነ አስተማሪ ጠዋት ጠመኔ መጨበጥ ቢያቅተው ምርመራውን ጎረቤት ትጨርሰዋለች፦ «ብርድ ነው የኔ ልጅ፣ ቅቤ ተቀባና ተጠቅለል»። የታመመ አንጓ በብርድ ይበልጥ እንደሚጠዘጥዝ አይካድም። በሽታውን የሚፈጥረው ግን ብርዱ አይደለም፤ እንዲያማ ቢሆን ቶሮንቶና ሚኒያፖሊስ ያለነው ሁላችን ማንኪያ መያዝ ባቃተን ነበር።

እዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ደቂቃ ነው፦ ከእንቅልፍ ስትነሳ ጣትህ እስኪፍታታ ስንት ይቆያል? ከግማሽ ሰዓት በታች ከሆነ፣ ሕመሙም ጥፍር አጠገብ ባለው አንጓና በአውራ ጣት ግርጌ ከሆነ፣ አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ ጫፋቸውን የሚሸፍነው ልም አጥንት መበላት ይጠረጠራል። ሰዓት ካለፈና የሁለቱም እጆች የጣት ሥሮችና መሐል አንጓዎች ካበጡ ግን ሩማቶይድ ሊሆን ይችላል፤ ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት ማለት ነው። ይኼኛው ጊዜ አይሰጥም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልተያዘ አጥንት መብላት ይጀምራል፤ የተበላው ደግሞ አይመለስም። የደም ምርመራው «የለብህም» ቢል እንኳ እብጠቱ እያለ ነገሩ አያልቅም። ስፔሻሊስት ለማየት ወራት መጠበቅ እዚህም አለ። እዚያ ግን ወራቱን የሚበላው ወረፋ ብቻ አይደለም፤ «ብርድ ነው» ነው።

ወጌሻን አልንቅም፤ ውልቃት ይመልሳል። የጋለና ያበጠ አንጓን አሽቶ መጎተት ግን ቀድሞውንም የላላውን ጅማት ይበልጥ ማላላት ነው። ፊዚዮቴራፒን፣ አካልን በእንቅስቃሴ የማከም ሙያን፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ጣትን ለጉተታ መስጠት ያናድዳል።

እኛስ? ኢቡፕሮፌን በሻንጣ እንልካለን። ሕመም ያስታግሳል እንጂ ሩማቶይድን አያቆምም፤ ሲዘወተር ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። «እጅሽን የቀለጠ ሰም ውስጥ ንከሪ» ብለን ምክር እንልካለን። እዚህ ለሕክምና የሚሸጠው ሰም የሚነከርበት 52 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የጧፍ ሰም ግን ከ60 በላይ ካልሞቀ አይቀልጥም። ቆዳ ይልጣል። ለጠዋት መገተር በክርን የተሞከረ ለብ ያለ ውሃ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ለጋለ አንጓ ደግሞ ቀዝቃዛ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሜቶትሬክሴት ነው። ሩማቶይድን የሚገታው ዋናው መድኃኒት እሱ ነው፤ የሚወሰደው ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ኪኒን በየቀኑ መዋጥ የለመደ ሰው በየቀኑ ከዋጠው ሊገድለው ይችላል። ቀኑን ካርቶኑ ላይ በትልቁ መጻፍ ነው፦ «ሰኞ ብቻ»። ጉበትና ደም በየጊዜው ይመረመራል፤ አረቄ ይቀራል፤ ለእርጉዝ አይሰጥም።

ለሚጽፍ ሰው ትልቁ ጠላት እስክሪብቶ ነው፤ ካልተጫኑት አይጽፍም፣ ቀጭን በመሆኑም ጣት ቆንጥጦ ይይዘዋል። ጄል እስክሪብቶ ሳይጫኑት ይፈስሳል። ላዩ ላይ ስፖንጅ ወይም የብስክሌት ከመናዳሪ ቁራጭ አውራ ጣት እስኪያህል ይጠቀለልበት፤ ከዚያ ከወፈረ መልሶ ያደክማል። የቁም ጸሐፊ መቃ ብዕር እዚህ ላይ ይሻላል፦ አይጫኑትም፣ ቀለም በነከሩ ቁጥርም እጅ ትንሽ ያርፋል። ፈተና የሚያርም አስተማሪ ግን ማን ያሳርፈዋል?

ኮምፒውተርም ለእኛ አይራራም። የአማርኛውን ድምፅ በላቲን ቁልፎች እየመቱ ሲጽፉ አራት ፊደል ያላት «ጎንደር» ስድስት ምት (g-o-n-d-e-r) ትፈጃለች። ስልክ አማርኛን እየሰማ ይጽፋልና ረቂቁን ተናግሮ ማስጻፍ፣ ነጥብና ሰረዙን ኋላ ማስተካከል ይቀላል። ስልኩን ግን ጠረጴዛ ላይ ማስደገፍ ነው፤ በእጅ ይዞ በአውራ ጣት መጎርጎር ያንኑ የታመመውን ግርጌ ነው የሚፈጀው።