ማንበብማ ማን ያቅተዋል?

ነገሩን የጫረው አንድ አጭር ቪዲዮ ነው። አራት ሆነን ተቀምጠናል። አስተማሪዋ ወዳጃችን ስልኳን አወጣችና «ይቺን እዩልኝ» አለች። ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ኮቱን ያወለቀ፣ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ወረቀት ይቀበላል። ወፍራሙን መነጽሩን ያደርጋል፣ ያነባል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ ቀና ብሎ ሰዓት ያያል፣ መልሶ ያደርገዋል። ከዚያ ድምፁ ይሰበራል፣ ምራቁን ይውጣል። አሜሪካዊው ዜና አቅራቢ ዋልተር ክሮንካይት ነው፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1963 የፕሬዝዳንት ኬኔዲን ሞት በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሲያረዳ።

ሁላችንም ዝም አልን። ዝምታውን የሰበረው ያው የለመደበት ሂሳብ ሠራተኛው ወዳጃችን ነው። ይሄ ልጅ ሁሉን ነገር በገቢና በወጪ ነው የሚያየው።

«እና ምን አደረገ? የተሰጠውን አነበበ። ማንበብማ ማን ያቅተዋል?»

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ፣ የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱትም ዜና ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራ ጀርባ ቆመው ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አሉ። ይቺን ተረት በዚያ ከሰዓት ስንቴ እንዳሏት መቁጠር ጀምሬ ትቼዋለሁ።

ልጁ ግን ሞቅ ብሎታል። ከጀርባ ስንት ሰው ይለፋል፣ ዘጋቢው ፀሐይ ላይ ይንቃቃል፣ አዘጋጁ ይጽፋል፣ አንዱ ፊቱን ተቀባብቶ ይወጣና የሰው ላብ ያነባል፣ ከዚያ በየመንገዱ ሰላም የሚባለው እሱ ነው አለ። እውነቱን ለመናገር ይቺ ነጥብ ነበረች። ክፋቱ ሌላ አልነበረውም። ያቺኑ በየአምስት ደቂቃው ድምፁን ከፍ እያደረገ ደገማት።

አስተማሪዋ ተረጋግታ መለሰችለት። «የተሰጠውን አነበበ ያልከው ሰውዬ እኮ የዜናው ዋና አዘጋጅም ነበር። ምን ይቅደም፣ ምን ይቅር የሚለው ላይ እጁ ነበረበት።» ሰውየው ወንበሩ ላይ ዱብ ያለ እንዳልሆነም ነገረችው። በ1916 ተወለደ፣ ዩኒቨርሲቲውን ሳይጨርስ አቋርጦ ወደ ዘገባ ገባ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዩናይትድ ፕሬስ ለሚባል የዜና ወኪል እየዘገበ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጀርመን ሰማይ ላይ ድረስ ሄደ፣ የናዚ መሪዎች የተዳኙበትን የኑረምበርግን ችሎት ተከታተለ፣ ሞስኮ ተቀመጠ፣ ሲቢኤስ የገባው በ1950 ነው፣ የማታው ዜና ወንበር ላይ የተቀመጠው ደግሞ በ1962። ያኔ ዜናው 15 ደቂቃ ብቻ ነበር። ግማሽ ሰዓት የሆነው በቀጣዩ ዓመት ነው፣ ኬኔዲ ሊገደል ሦስት ወር እንኳ ሲቀረው።

«አሜሪካ ስለሆነ ነው» አለ የኛ ሰው። ይኼ መልስ ነው እንግዲህ።

እኔን የገረመኝ ግን የዚያ ቀን ነገር ነው። የመጀመሪያው የተኩሱ ዜና ሲመጣ ክሮንካይት አልታየም፤ ድምፁ ብቻ ነው የተሰማው። የዚያን ጊዜ ካሜራ እስኪሞቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበርና። ምስሉ ከመጣ በኋላም «ሞተ» የሚል ወሬ ኬኔዲ ከተመታባት ከዳላስ ከተማ ይደርሰው ነበር፣ የገዛ ባልደረባውም ያንኑ ብሏል። ወሬውን አልደበቀም። ግን ማን እንዳለው እየጠቀሰ፣ በይፋ አልተረጋገጠም እያለ ያዘው። ሰዓቱን ቀና ብሎ ያየውም ዝም ብሎ አይደለም። ሰውየው ከሞተ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ እያሰላ ነው፤ «ከ38 ደቂቃ በፊት ገደማ» ብሎ ጨረሰው። ልቡ እየተሰበረ ደቂቃ ይቆጥራል! ይኼን ነው እንግዲህ «ማን ያቅተዋል» የሚሉን።

«ከአነጋገር ይፈረዳል» አሉ ጋሼ። ሁለተኛውን ግማሽ እኛው ጨረስንላቸው።

ከዚያ ጋሼ አንድ ነገር አመጡ። «እሺ ልጄ፣ አንተ አንብብልን።» ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፈው የሆነ ዜና ከፈቱለት። እሳቸው ጎኑ ተቀመጡና አፋቸውን ጆሮው ጋ አደረጉ። ዜና አቅራቢ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ አለ፣ እሱ ተረጋግቶ ሲያነብ ዳይሬክተሩ እዚያ ውስጥ ያወራል። ሕዝቡ ይኼን አይሰማም። ከካሜራው ፊት ዘንበል ብሎ የቆመ መስታወት አለ፣ ጽሑፉ እዚያ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ለዚህ ነው ሰውየው ዓይን ዓይናችንን እያየ የሚያነብ የሚመስለን። ጽሑፉ መሃል ላይ ቢቆምስ? ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ወረቀት የምታያት ሳትመስል ማየት አለብህ። ወረቀቷ ለጌጥ አይደለችም።

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደምን አመሻችሁ» አለ፣ በሬዲዮ ድራማ ድምፅ። ጋሼ ጀመሩ፦ «ሠላሳ ሰከንድ… ፈጠን በል… ዜና ሦስት ተሰርዟል፣ ወደ አራት እለፍ… ሃያ… ቀና በል፣ አቀረቀርክ…» ልጁ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደሄደ ትንፋሹ አለቀ። ነጠላ ሰረዙን ዘሎ ሟቹን ገዳይ አደረገው። ቀጥሎ «2.4 ሚሊዮን» የሚለውን «ቢሊዮን» ብሎ አነበበው። ሂሳብ ሠራተኛ ነው እንግዲህ! አስተማሪዋ ከሳቅ ብዛት ወንበሩን ያዘች።

«እሳቸው እኮ እየረበሹኝ ነው!» አለ።

«ሥራው እሱ ነው» አሉ ጋሼ።

ፍጥነት ራሱ ሙያ ነው። ክሮንካይት በደቂቃ 124 ቃል ገደማ እንዲናገር ራሱን አሠልጥኗል ይባላል፤ ተመልካች እንዳያመልጠው ብሎ ነው። ፊትም ዝም ብሎ ፊት አይደለም። ቢቢሲ በ1954 የቴሌቪዥን ዜና ሲጀምር የአንባቢውን ፊት አያሳይም ነበር። ፊቱ አስተያየት ያሳብቅብናል ብለው ፈርተው ነው። ማሳየት የጀመሩት በቀጣዩ ዓመት ነው። ናን ዊንተን የምትባል ሴት በ1960 ዜና እንድታነብ ወንበሩን ሰጧት፤ ሴት ዜና ስታነብ አይዋጥልንም የሚል ተመልካች በዛና ብዙም ሳትቆይ አነሷት። አስተማሪዋ ይኼን ስትናገር ልጁን እንጂ እኛን አላየችም። ማንም የሚያነበው ከሆነ ማን አነበበው ብሎ ያ ሁሉ ጩኸት ለምን ነበር?

ይኼ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የልጁ ስልክ ጮኸ። አየና ፊቱ ተለወጠ። «ሰበር ዜና! እከሌ አረፈ!» ብሎ አንድ የታወቀ ዘፋኝ ስም ጠራ። እኛ ነፍስ ይማር ማለት ስንጀምር እሱ አውራ ጣቱን እያሯሯጠ ለወዳጆቹ መላክ ያዘ። አስተማሪዋ «ማነው ያለው?» አለችው። «ሁሉም እያለው ነው» አለ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ዘፋኙ ራሱ በቪዲዮ ብቅ ብሎ ደህና ነኝ አለ። እየሳቀ ነበር፣ ምን ያድርግ።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይኼ ነው፣ ከመጀመሪያውም ሳትጠረጥሩ አልቀራችሁም። የሰው ጽሑፍ አንብቦ ዝናውን ለብቻው የሚወስድ አቅራቢ ሞልቷል፣ አልክድም። ክራቫቱ ከሱ የበለጠ ዕውቀት ያለው የሚመስልም አለ። ግን ያንን ወንበር ከምንም የማይቆጥረው ሰው ራሱ ስልኩን ይዞ ዜና አቅራቢ ሆኗል እኮ! ያውም ያለ አዘጋጅ፣ ያለ ዘጋቢ፣ ያለ «አልተረጋገጠም»። ዘመናችን ቀድሞ ያወራን እንጂ አጣርቶ ያወራን አያከብርም። የሰው መርዶ ለማድረስ እንሽቀዳደማለን፣ ሟቹ ቤተሰብ ይኑረው አይኑረው ግድ አይሰጠንም። ድሮ መርዶ የሚያረዳ ሰው ይመረጥ ነበር፣ በዕድሜ የበሰለ፣ አንደበቱ የተገራ፣ ሰዓቱን የሚያውቅ። አሁን መርዶ ነጋሪው ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም፤ ከሥሩ የሚያለቅስ ምስል ለጥፎ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ጽሑፍ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ጠፍቷል። ርዕሱን አይቶ ይናደዳል፣ ተናዶ ይልካል፣ ልኮ ይተኛል። ልጆቻችንም ከኛ አይተው ያንኑ ነው የሚያደርጉት፣ ከዚያ ዞረን «የዛሬ ልጅ» እያልን እናማርራለን።

ክሮንካይት ወንበሩን በ1981 ሲለቅ 19 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው፣ የሞተው በ2009 በ92 ዓመቱ ነው። ይኼንን አስተማሪዋ ወደ በሩ ስንወጣ ነው የነገረችን፤ ልጁ ግን አልሰማትም፣ ስልኩ ላይ ነበር።

ጋሼ ጫማቸውን እያሰሩ ጠየቁት። «ያንን የዘፋኙን ሞት ለስንት ሰው ላክኸው?»

«ለሁለት ግሩፕ ብቻ።»

«እና ስህተት ነው ብለህ መልሰህ ነገርካቸው?»

«ኧረ ጋሼ» አለ፣ «እስካሁን ረስተውታል።»