«ወፈርሽ» ሰላምታ ሆኖ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ ከጊዮርጊስ ወደ አባይ ማዶ በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። ከኋላ ሁለት ነን። መንገድ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። ሞላ ያሉ ሴት ናቸው። በሁለት ፌስታል ሽንኩርትና ቲማቲም ይዘዋል። ሹፌሩ አቆመና ከላይ እስከ ታች አያቸው። «እናት፣ የሁለት ሰው ከከፈሉ ይግቡ» አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሳቀች። ሴትዮዋ አልተቆጡም። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና «ሂድ ልጄ፣ በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ። ባጃጁ ሄደ። እኔም ትንፍሽ ሳልል ሄድኩ። ያ ዝምታዬ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

እኛ አገር ሰው ሲገናኝ ከጤናው በፊት ኪሎው ይወራል። «ወፈርሽ!» «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» «ቦርጭ አወጣህ፣ ተመችቶሃል ማለት ነው!» ብዙው ከፍቅር የሚወጣ ነው፤ አልክድም። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። የ1977ን ረሃብ ያየ ወላጅ የልጁ ፊት ሞላ ሲል ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ከዚያ ደግሞ የኤችአይቪ ዘመን መጣ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ «እገሌ ከሳ» ማለት ብቻውን ስንት ነገር ያስጠረጥር ነበር። ሰፈሩ ይንሾካሾካል፣ ቤተሰቡ አንገቱን ይደፋል። ውፍረት የደህንነት ማረጋገጫ ሆኖ የኖረው በዋዛ አይደለም።

አሁን ግን ነገሩ ተደበላለቀ። በበዓል «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ ጉረሺ» ያለችሽ ዘመድ፣ በሳምንቱ «ኧረ ራስሽን ጠብቂ፣ አበዛሽው» ትልሻለች። ያውም ሰው ፊት።

የእናቴን ልንገራችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ወፍራም ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት በድንገት መክሳት ጀመረች። ጎረቤቱ ሁሉ ደስ አለው። «እትዬ፣ እንዴት አማረብዎት! ምን አገኙ?» ይሏታል። ቀሚሶቿን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ አስጠበበች። እሷም ደስ ብሏት ነበር፣ እኛም አብረናት። ሌሊት ግን አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች። ከራስጌዋ የምታስቀምጠው ትልቁ ሃይላንድ ሲነጋ ባዶ ነው። ያንን ማንም አልጠየቀም። ሁላችንም ወገቧን ነበር የምናየው። ዓይኗ ብዥ ሲልባት ነው ሐኪም ቤት የወሰድናት። ስኳር ነው ተባለ። ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር መጠቀም ሲያቅተው የራሱን ስብና ጡንቻ ማቃጠል ይጀምራል። ያ ሁሉ «አማረብዎት» የተባለው ሕመሟ ነበር።

ውፍረት አይጎዳም እያልኩ አይደለም። ይጎዳል። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመም ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከልክ በላይ የወፈሩ ሰዎች ቁጥር ከ1 ቢሊዮን አልፏል። ሐኪሞች ኪሎን በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ አካፍለው ያሰላሉ። ውጤቱ 25 ሲደርስ ክብደት በዝቷል፣ 30 ከደረሰ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው ይላሉ። ይህ ቁጥር ራሱ ግን ጡንቻን ከስብ አይለይም። ስቡ የት እንደተከማቸም አይናገርም። የሚከፋው ደግሞ ሆድ አካባቢ የሚከማቸው ነው። እንግዲህ እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ የገፋውን ሰውዬ «ተመችቶታል» እያልን እናሞግሳለን፤ ዳሌዋ የሰፋውን ሴት ግን በባጃጅ እናሳቅቃለን። ስኳርና ግፊትማ በዓይን አይለኩም።

ደግሞ ስድብ ማንንም አያከሳም። አክስቴ አንድ ጊዜ ለጆሮ ሕመም ታክማ ልትመጣ ሄዳ፣ ወረፋ በሞላ ሰው ፊት «መጀመሪያ ኪሎሽን ቀንሺ» ተባለች። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት ደጃፍ አትደርስም። ግፊቷን የሚለካላት የለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ጠዋት በሐይቁ ዳር የማየው ነው። ከተማችን ሜዳ ናት። አየሩ ጥሩ፣ ዘንባባው ጥላ፣ ጣና አጠገባችን። ብስክሌት የባሕር ዳር መለያ ነበር፤ ዛሬ ለአጭር መንገድም ባጃጅ ነው የምንጠራው። እንግዳ ሲመጣ ክብራችንን የምንገልጸው በለስላሳ ነው፤ በአንዷ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት ወፍራም ሴት ቆርጣ ተነስታ፣ ቱታዋን ለብሳ፣ በሐይቁ ዳር ሶምሶማ ትጀምራለች። ከዳር የተቀመጡ ጎረምሶች «ኧረ ቀስ፣ መሬቱ ተነቃነቀ!» ይሏታል። በዓይኔ አይቻለሁ። በማግስቱ አልመጣችም። ቀንሺ የምንላት እኛ፣ ስትሮጥ የምናሳቅቃትም እኛ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ብቻ ለጤና ብዙ ይጠቅማል ይባላል። ያቺን ደቂቃ በሰላም ትራመዳት!

እናቴ መድኃኒቷን ከጀመረች ወዲህ ደህና ናት። ሲነጋ ነጠላዋን አጣፍታ እስከ ሐይቁ ዳር በእግሯ ትሄዳለች። ኪሎዋም ትንሽ ተመለሰ፤ ሰውነቷ ምግቡን መጠቀም ጀምሯል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አንዲት ጎረቤታችን በር ላይ አገኘቻት።

«ውይ እትዬ፣ አምሮብዎት የነበረው! መልሰው ወፈሩሳ?»

እናቴ ቆም አለች። «ዛሬ ጠዋት ስኳሬ 118 ነው» አለቻት። «ያንቺን ተለክተሽ ታውቂያለሽ?»