ብሮሸር፣ ብሮሸር፣ አሁንም ብሮሸር!

ኧረ ተዉ ሰዎች! ፊትና ጀርባ ታትማ በእጅ የምትታደል አንዲት ነጠላ ወረቀት ምኗ ነው ብሮሸር? በራሪ ወረቀት ናት። ጀርመኖች እንኳን «ፍሉግብላት» ይሏታል፤ እሱም ያው የሚበር ወረቀት ነው። ቃሉ እያለን ምን አሳፈረን?

ብሮሸር ከፈረንሳይኛው «ብሮሼ» የመጣ ነው፤ መስፋት ማለት ነው። የእኛ «ጥራዝ» ይቀርበዋል። እሺ፣ ዛሬ ፈረንጁም ሳይሰፋ የታጠፈውን ብሮሸር እያለ ነው፤ በዚህ አልጣላም። የሚያጣላኝ «ብሮሸር፣ 1000 ኮፒ» ብላችሁ ለማተሚያ ቤት ስትልኩ ነው። እንቆቅልሽ እኮ ነው! መልሱም «ምን አውቅልህ» ነው።

የሚታጠፍ ከሆነ «ኤ4፣ ባለ ሁለት እጥፍ፣ ስድስት ገጽታ» በሉ። ዲዛይነሩ የወረቀቱን ርዝመት፣ 297 ሚሊሜትሩን፣ ለሦስት እኩል 99፣ 99፣ 99 ይከፍለውና ጉድ ይፈላል። ወደ ውስጥ የሚገባው ክፍል ካላጠረ ከእጥፋቱ ጋር ይጋጫል፣ ይጎብጣል። ልኩ 97፣ 100፣ 100 ነው። በውጭ በኩል 97ቱ ግራ ላይ ከሆነ በውስጥ በኩል ቀኝ ላይ ይሆናል። ይቺን መገልበጥ ስንቱ ነው የሚረሳት! ያኔ እጥፋቱ ጽሑፉ መሀል ላይ ያርፋል። ቀለሙ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ተዉ፤ ፋይሉ 303 በ216 ይሆናል። ያለዚያ መቁረጫው ትንሽ ሲስት ነጭ መስመር ብቅ ይላል። የወረቀቱ ክብደት በካሬ ሜትር ከ170 ግራም ከበለጠ ሳይታጠፍ በፊት እጥፋቱ በማሽን መስመር ይውጣለት፤ አለበለዚያ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

በስቴፕል የሚጠረዝ ከሆነ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት። 10 ገጽ አዘጋጅታችሁ «ለምን መጨረሻው ባዶ ሆነ?» አትበሉ፤ አንዱ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ነው፣ 10ሩ 12 መሆኑ አይቀርም።

«ፓምፍሌት» የምትሉትማ! ስሙ የተገኘው «ፓምፊሉስ» ከተባለ የ12ኛው ክፍለ ዘመን የላቲን የፍቅር ግጥም ነው። ሰው ቀጭኗን ጽሑፍ በማቆላመጫ ሲጠራት ለትንንሽ ጽሑፎች ሁሉ መጠሪያ ሆና ቀረች። ዩኔስኮ ደግሞ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ለስታቲስቲክስ እንዲመች ልክ አበጀላት፦ ሽፋኑን ሳይጨምር ከ5 እስከ 48 ገጽ። 49 ከሆነ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ያቺ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀታችሁ ፓምፍሌትም አይደለችም።

የሁሉ ቁንጮ ግን «ሃንድአውት» ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ፣ በር ለሚያንኳኳ መንገደኛ የሚሰጥ ምግብ ነበር፤ በአጭሩ ምጽዋት። የታተመ ወረቀት ማለት የሆነው ኋላ ነው። ለካ ለዚህ ነው የኮፒ ኮፒ ሆኖ፣ ግማሹ ጠቁሮ፣ የገጽ ቁጥሩ ተቆርጦ የሚወረወርልን! ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ለማስገባት የምንበሳበት መብሻ እኮ የቀዳዳውን መሀል ከጠርዙ 12 ሚሊሜትር ላይ አድርጎ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይበሳል፤ እስከ 15 ሚሊሜትር ይበላል ማለት ነው። የግራ ህዳጉን 20 ሚሊሜትር ማድረግ ምን ይከብዳል? የየመስመሩን መጀመሪያ ፊደል በግምት የምናነበው እስከ መቼ ነው?