ፍሬን መማር ወንጀል ነው እንዴ?

ሰሞኑን ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለን ሐበሾች በምንከታተለው አንድ የቀጥታ ውይይት ላይ አንድ የኢንሹራንስ ሰው ቀርቦ ነበር። የኢንሹራንስ ዋጋ ለምን እንደናረ ሲጠየቅ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ነገሩን ወጣቶች ላይ ጣለው። ከዚያም እንዲህ አለ፦ «የራሱን መኪና ይዞ የእሽቅድድም ሜዳ የሚሄድ ሰው፣ ትምህርት ነው ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ ለእኛ ተሽቀዳዳሚ ነው። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ፍጥነት አታስተምሩ። መንዳት በመንገድ ላይ ይለመዳል።» አወያዩ «ትልቅ ምክር ነው» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ከሥር «ትክክል!» የሚል አስተያየት ጎረፈ።

ደሜ ፈላ። ሰውየው አንድ ቀን እንኳ እግሩ እዚያ ረግጦ እንደማያውቅ ከአነጋገሩ ያስታውቃል።

እሱ የእሽቅድድም ሜዳ የሚለው ለእኛ ቅርቡ ዌስት ቨርጂንያ ያለው ሰሚት ፖይንት ነው። በሊስበርግ በኩል ሩት 7ን ይዞ ለሄደ ከዲሲ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በፈረንጆቹ 1970 የተከፈተ ቦታ ነው። ዋናው ሜዳ ርዝመቱ 2 ማይል ሲሆን 10 ኩርባዎች አሉት። በነገራችን ላይ የአሜሪካ ዲፕሎማቶችና ጠባቂዎቻቸው፣ ብላክስቶን ቨርጂንያ የራሳቸው ማሠልጠኛ በ2019 እስኪከፈትላቸው ድረስ፣ ለዓመታት መኪና መንዳት የሠለጠኑት እዚያው ሰሚት ፖይንት ነበር። እነሱም ተሽቀዳዳሚ ነበሩ ማለት ነው?

እዚያ የራስህን መኪና ይዘህ የምትማርበት የመንዳት ትምህርት ቀን እንዲህ ነው። ጠዋት መኪናህ ይመረመራል። ጎማው፣ የፍሬን ሸራው፣ የፍሬን ዘይቱ፣ የጎማው ብሎኖች፣ ባትሪው በደንብ መታሰሩ ሁሉ ይታያል። መኪናው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር በሙሉ ይወጣል። የውሃ ጠርሙስ፣ ጃንጥላ፣ የልጅ መጫወቻ፣ ከኋላ ያለው የጎማ መቀየሪያ ሳይቀር። ከዚያ ክፍል ገብተህ ሜዳው ዳር ለነጂ ምልክት የሚሰጥባቸውን ባንዲራዎች ትርጉም ትማራለህ። ሜዳ ስትገባ መምህር ከጎንህ ይቀመጣል። ሃያ ደቂቃ ያህል ትነዳለህ፣ ትወጣለህ፣ እንደገና ክፍል። ሰዓት የሚይዝ የለም። አሸናፊ የለም። ፊትህ ያለው ሰው በመስኮት እጁን አውጥቶ እለፍ ካላለህ አታልፍም፤ እለፍ የሚልህም ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ነው። እኔ ዓርብ ማታ ዲሲን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ የዚህን ሩቡን ያህል ጨዋነት አይቼ አላውቅም።

«ልጆችን ፍጥነት ያስተምራል» የሚለው ነገር ደግሞ ከሁሉም ያስቀኛል። ፍጥነትማ ቁልፉን የሰጠነው ቀን አስተምረነዋል! እናትና አባት ሁለት ሥራ ሠርተው ለ17 ዓመት ልጅ ስድስት ሲሊንደር ካምሪ ይገዛሉ። ያ መኪና፣ ከ2018 እስከ 2024 ሞዴል ከሆነ፣ 301 የፈረስ ጉልበት አለው። ልጁ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ባዶ 66 መንገድ አግኝቶ ነዳጁን ምን ያህል እንደሚረግጥ የሚያስተምረው ሰሚት ፖይንት ያለው ሽማግሌ መምህር መሰላችሁ? ቨርጂንያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይል ማሳለፍ፣ ተራ ቅጣት ሳይሆን እስከ 12 ወር ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው። ስንቱ የእኛ ልጅ ነው ይህን ሕግ ያወቀው ፍርድ ቤት ቆሞ? ያኔ «ወይኔ ልጄን» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፍሬን።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። የምትነዱት መኪና ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ቀይ መብራት ላይ ስትቆሙ አይደለም የምለው። እግራችሁ እስኪንቀጠቀጥ፣ ወገባችሁ ከወንበሩ ተነስቶ ቀበቶው ደረታችሁን እስኪይዘው ድረስ ስትረግጡት። አዲስ አበባ መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ፍሪሲዮን ስንለቅ ሞተር እንዳይጠፋብን ስንጨነቅ ነው ጊዜው ያለቀው። እዚህ ስፈተንም «ሙሉ ኃይልህን ፍሬን ላይ አሳርፍ» ያለኝ ፈታኝ የለም። እና አብዛኛው ሰው ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርገው መቼ ነው? ፊቱ ያለው ከባድ መኪና ድንገት ሲቆም ነው። 60 ማይል የሚነዳ ሰው በአንዲት ሰከንድ 88 ጫማ ይሄዳል። ፍጥነትህ ከ30 ወደ 60 ሲያድግ ፍሬን ይዘህ እስክትቆም የምትሄደው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በዚያች ሰከንድ ውስጥ ነው እንግዲህ የኢንሹራንሱ ሰው «መንዳት በመንገድ ላይ ይለመዳል» የሚለን።

ኤቢኤስ የሚባለውን፣ ፍሬን አጥብቀህ ስትረግጥ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገውን፣ ሁላችንም ሰምተናል። ከ2012 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ የመንሸራተት መቆጣጠሪያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ እሱ ካለ ኤቢኤስም አለ። ግን ኤቢኤስ ሥራውን ሲጀምር ፍሬኑ ከእግርህ ሥር ይርገበገባል፣ ይንኳኳል፣ መኪናው የተሰበረ ይመስላል። ያልለመደ ሰው ምን ያደርጋል? ደንግጦ እግሩን ያነሳል! ያ ሁሉ መሐንዲስ የለፋበት ነገር ሊያድነው ሲል እሱ እግሩን ያነሳል። ትምህርት ቤት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች አንዱ ይኸው ነው። ፍጥነት ይዘህ ትመጣለህ፣ ብርቱካናማው ኮን ጋ ስትደርስ መምህሩ «ርገጥ!» ብሎ ይጮኻል። በመጀመሪያው ሙከራ በቂ አድርጎ የሚረግጥ ሰው እኔ አላየሁም። ሁሉም ይሳሳል፣ መኪናው የሚጎዳ ይመስለዋል። ደግመህ ደጋግመህ ስትረግጥ ነው ሁለት ነገር የሚገባህ። አንደኛ፣ መኪናህ ካሰብከው በጣም ቀድሞ መቆም ይችላል። ሁለተኛ፣ ፍሬኑን እንደረገጥክ መሪውን ማዞር ትችላለህ፣ መኪናውም ይታዘዝሃል። ግን ዓይንህ መሄድ የምትፈልግበትን ማየት አለበት። ኮኑን ካየኸው ኮኑን ትመታለህ። መምህሮቹ ቀኑን ሙሉ «ዓይንህ የት ነው? ዓይንህ የት ነው?» ሲሉ ነው የሚውሉት።

ይህ ሁሉ ደግሞ በራስህ መኪና መሆን አለበት። እዚህ ላይ «መማር የፈለገ ለምን የትምህርት ቤቱን መኪና አይከራይም?» የሚሉ አሉ። ተከራይቶ ምን ሊማር? የትምህርት ቤቱ መኪና ዝቅ ያለ፣ ጎማው አዲስ፣ ፍሬኑ እንደ ምላጭ የሚይዝ የስፖርት መኪና ነው። አንተ ግን ማታ የምትገባው በቤተሰብ መኪናህ በሲየና ነው። ኡበር የምትሠራ ከሆነ ደግሞ 150 ሺህ ማይል በሄደ፣ ሦስት ሰውና ሻንጣ በጫነ መኪና ነው ቀኑን የምትውለው። የዚያ መኪና ክብደት ኩርባ ላይ ወዴት እንደሚያደላ፣ ፍሬኑ ስንት ጣት ከወረደ በኋላ እንደሚይዝ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ፊቱ ቀድሞ ይንሸራተት ወይስ ኋላው፣ ይህን ሌላ መኪና አይነግርህም።

መኪናህ ራሱ ምን ዓይነት ሁኔታ ላይ እንዳለም የምታውቀው እዚያ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፤ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ ፍሬኑ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናውም አይቆምም። ከመካከላችሁ የፍሬን ዘይት ያስቀየረ ስንት ሰው አለ? የሞተር ዘይት አላልኩም። አንድ ጠዋት ምርመራ ላይ አንድ ሰውዬ ሲመለስ አይቻለሁ። የጎማው የውስጥ ጠርዝ አልቆ ሽቦው ወጥቷል። ከውጭ ሲያዩት ጎማው ደህና ነው። ያንን ጎማ ይዞ ልጆቹን ጭኖ አውራ ጎዳና 270 ላይ ሲመላለስ ነበር የከረመው። ሜዳ አልገባም፣ ገንዘቡንም ከስሯል፤ እኔ ግን በሕይወቱ ከከፈለው ሁሉ ያ ቀን ነው የረከሰው እላለሁ።

አንድ ነገር ልቀበል። በ1980ዎቹ ኖርዌይ ወጣቶችን የግድ የመንሸራተት ሥልጠና ስታስወስድ፣ ወንዶቹ ላይ በሚያዳልጥ መንገድ የሚደርስ አደጋ እንደጨመረ ጥናት አሳይቷል። ልጆቹ «አሁንማ ችያለሁ» አሉ። እሺ። ግን ከዚያ በኋላ ስካንዲኔቪያኖቹ ምን አደረጉ? ሜዳውን ዘጉ? የለም። ትምህርቱን ለወጡት። መንሸራተትን ማሸነፍ ማስተማሩን ትተው፣ ማሸነፍ እንደማይቻልና ቀድሞ ፍጥነት መቀነስ እንደሚሻል ልጁ በራሱ እጅ እንዲያየው አደረጉ። የእኛ ሰውዬ ደግሞ ያንን ጥናት ጠቅሶ ቢሆን ኖሮ ባከበርኩት። እሱ የጠቀሰው ምንም የለም።

እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ከ2002 ጀምሮ «ስትሪት ሰርቫይቫል» የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ፕሮግራም አለ። ለወጣት አሽከርካሪዎች ነው። ልጁ የሚመጣው ቤት ውስጥ የሚነዳትን መኪና ይዞ ነው። ሰፊ ባዶ ሜዳ ላይ ውሃ ይፈስለታል፣ ይንሸራተታል፣ ፍሬን ይረግጣል። የእሽቅድድም ሜዳ ያልፈለገ ወላጅ እዚያ ይውሰድ። ያም የቆመው በራስ መኪና ላይ ነው፤ አዘጋጆቹ ሞኝ ስለሆኑ አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለ ኢንሹራንሱ ውል። ከመኪና ኢንሹራንስ ድርጅቴ የእድሳት ደብዳቤ መጥቶልኛል። ድሮ ውሉ የማይሸፍነው እሽቅድድምንና ለእሽቅድድም መለማመድን ነበር። ይህ ፍትሐዊ ነው፣ ማንም አይከራከርም። አዲሱ ግን ለእሽቅድድም በተሠራ ቦታ ውስጥ የሚደረግ ማንኛውንም መንዳት ይላል፣ «የመንዳት ሥልጠናን ጨምሮ»። ይኸው ድርጅት ሶፋ ላይ ተጋድሞ በስልኩ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ለሚጨርሰው ሰው ደግሞ የ«ጥንቃቄ ኮርስ» ቅናሽ ይሰጣል! እግሩ ፍሬን ሳይነካ። ኧረ በሕግ! ጥያቄዎቹን ለልጁ ቢሰጠው ልጁ ይመልስለታል፣ ቅናሹም ይመጣል።

አደጋው ትልቅ ነው አሉ። እሺ፣ ምን ያህል ነው? ምክንያቱም ለአንድ ቀን የእሽቅድድም ሜዳ ትምህርት ኢንሹራንስ የሚሸጡ አሉ። ሀገርቲ አንዱ ነው። የመኪናህን ዋጋ ትናገራለህ፣ ለዚያች ቀን ብቻ ትከፍላለህ፣ መኪናህ ከተጎዳ ከድርሻህ በላይ ያለውን ይሸፍኑልሃል፤ በሰው ላይ የምታደርሰውን ጉዳት ግን አይሸፍንም፣ ይህን ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች ነጋዴዎች ናቸው፣ ጽድቅ ፍለጋ አይደለም የሚሸጡት። አደጋውን አስልተው ዋጋ አውጥተውለታል። ታዲያ ለኮምፒውተር ኮርስ ቅናሽ ማስላት የቻለው የእኔ ድርጅት ይህን ማስላት እንዴት ያቅተዋል? ጨምር በለኝ፣ እጨምራለሁ። መምህር ከጎን ላለበት ቀን ብቻ በል፣ እስማማለሁ። የጠዋቱን የምርመራ ወረቀት አምጣ በል፣ አመጣለሁ። ይህን በጽሑፍ ጠይቄአቸዋለሁ። የመለሱልኝ ያንኑ አንቀጽ ቀድተው ነው።