ሊኑክስን ከኮምፒውተር ላብ ማስወጣት መፍትሔ አይደለም

በርካታ ኮርሶች በጋራ በሚጠቀሙበት የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ዊንዶውስና ሊኑክስ የተባሉት ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሱ ዋና ሶፍትዌሮች) በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ሲጫኑ፣ ብዙም ሳይቆይ «ሊኑክሱ ይውጣና ሁሉም በዊንዶውስ ይሥራ» የሚል ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ተረትም ይጠቀሳል። ቅሬታው ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ሆኖም አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ሁለቱ ሲስተሞች አብረው በመኖራቸው ሳይሆን፣ ከተጫኑ በኋላ መስተካከል የነበረባቸው ጥቂት ነገሮች ሳይስተካከሉ በመቅረታቸው ነው ባይ ነኝ።

የሰዓቱን ጉዳይ እንመልከት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው በባትሪ የሚሠራ ሰዓት አንድ ቢሆንም፣ ዊንዶውስ የአገር ውስጥ ሰዓት አድርጎ ሲወስደው ሊኑክስ ግን የግሪንዊች ሰዓት ነው ብሎ ስለሚያስብ የእኛን የ3 ሰዓት ልዩነት ይጨምርበታል። በመሆኑም በዊንዶውስ ሲሠራ የቆየ ማሽን ኢንተርኔት በሌለበት ወደ ሊኑክስ ሲዞር ከጠዋቱ 4 ሰዓት የነበረው ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል፤ ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ሊኑክሱ ሰዓቱን በራሱ ልማድ አርሞ ስለሚጽፈው፣ ቀጥሎ ዊንዶውስ የሚከፍተው ተማሪ 3 ሰዓት ወደኋላ የቀረ ማሽን ያገኛል። ማስረከቢያው እስከ 6 ሰዓት ሆኖ ሳለ 5 ሰዓት ላይ ያለቀ የቤት ሥራ 8 ሰዓት ተጽፎበት ሲገኝ የሚከተለው ንትርክ አያድርስ ነው። ይህን ለማስቀረት ሊኑክሱ ሰዓቱን እንደ ዊንዶውስ እንዲያነብ የሚያደርግ አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል።

የፋይሉ ነገር ከዚህ ይከፋል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣው ፋስት ስታርትአፕ የተባለው አሠራር፣ ተማሪው «ሻት ዳውን» ቢልም የሲስተሙን ሁኔታ ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ማሽኑን ያስተኛዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም። ከእርሱ በኋላ በሊኑክስ የገባው ተማሪ የጋራውን ፓርቲሽን፣ ማለትም ሁለቱም ሲስተሞች የሚጠቀሙበትን የዲስክ ክፍል፣ ሲከፍት፣ ሊኑክሱ ዲስኩ ገና በሌላ ሲስተም እጅ እንዳለ ስለሚቆጥር ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቅድለትም። የሚገርመው ያኛው ተማሪ «ሪስታርት» ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተፈጠረ ነበር። አዲስ ገቢ ተማሪ ግን ይህን ከየት ይወቅ? ሊኑክሱን ረግሞ ፍላሹን ይሰካል፤ ፍላሹም ቫይረሱን ከማሽን ማሽን እያዛመተ ይዞራል። አሠራሩን ከዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፤ ከዚያም በላይ የእያንዳንዱ ተማሪ ፎልደር ከሁለቱም ሲስተሞች በሚከፈት ሰርቨር ላይ ቢቀመጥ፣ ተማሪው የትኛው ማሽን ላይ እንደተቀመጠ መጨነቁ ይቀርለታል።

ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም ማስኬድ፣ ይበቃል ለሚሉት፣ 16 ጊጋባይት ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) ላለው ላብ እስማማለሁ። 4 ጊጋባይት ባለው ማሽን ግን ሁለት ሲስተም በአንድ ጊዜ ማስኬድ ሁለቱንም ማንፏቀቅ ነው። በዚያ ላይ ዲስክ መከፋፈልና ቡት ሎደር (ማሽኑ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) መጠገን መማር ያለበት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ በመስኮት ውስጥ በተከፈተ ሊኑክስ ብቻ እጁን ሊያፍታታ አይችልም።

እርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የቸልተኝነት አይደለም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የለቀቀው የደኅንነት ማሻሻያ ሁለት ሲስተም የተጫነባቸውን ማሽኖች እንዳይነካ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ በአንዳንዶቹ ላይ ሊኑክስ እንዳይነሳ አድርጓል። እንዲህ ያለውን አስቀድሞ አንድ ማሽን ላይ ሳይሞክሩ ለላቡ በሙሉ መልቀቅ አይገባም። በሌላ በኩል ዊንዶውስ 10 የነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና በአንጻራዊነት አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ አሮጌ ማሽኖች ባሉበት ላብ «ዊንዶውስ ብቻ» ማለት ወይ አዲስ ግዢ መፈጸም አለዚያም ጥበቃ በሌለው ሲስተም መቀጠል ማለት ነው። አሮጌውን ማሽን ለተጨማሪ ዓመታት ያለ ስጋት ሊያሠራ የሚችለው እንዲወጣ የተፈረደበት ሊኑክስ ነው።

ስለዚህ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የማስወጫውን ደብዳቤ ከመፈረማቸው በፊት፣ በሴሚስተር ዕረፍት ለላብ ቴክኒሻኖቹ ሰዓቱን፣ ፋስት ስታርትአፑንና ሰርቨሩን የሚያስተካክሉበት አንድ ሳምንት ይስጧቸው፤ የትኛው ላብ በየትኛው ክፍለ ጊዜ በየትኛው ሲስተም እንደሚነሳም ከኮርሱ ፕሮግራም ጋር አብረው ይለጥፉ።