አላፊ አግዳሚው ሐኪም

ሐኪም ጠፋ፣ ቀጠሮ ረዘመ እያለ የሚያማርር ሰው ልጅ ይዞ ወረፋ ላይ ቆሞ አያውቅም ማለት ነው። ልጁ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ወለሉ ላይ ይዘርፈጥ እንጂ፣ ሐኪሙ ከየት መጣ ሳይባል ከተፍ ይላል። ካርድ አያስወጣም፣ ተራ አያስጠብቅም፣ የልጁን ዕድሜ እንኳ አይጠይቅም። ከሩቅ አየት ያደርግና ከንፈሩን መጥጦ ውጤቱን ለእናትየው ሳይሆን ለተሰለፈው ሕዝብ ያሳውቃል፦ «ሞልቃቃ ነው!»

ይህን ዕውቀት ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

ዕድሜያቸውን በምርምር ከፈጁት ጋር ሲተያይ ደግሞ ይበልጥ ይደንቃል። ኤ. ጂን ኤይረስ የተባለችው አሜሪካዊት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን መወጣት እንዲችል የሚያግዝ ባለሙያ ማለት ነው) እ.ኤ.አ. በ1988 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ አንጎል ከቆዳ፣ ከጆሮ፣ ከዓይን፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚደርሰውን መልእክት እንዴት አድርጎ እንደሚያዋህድ ስታጠና ኖረች። ሚዛናችንን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮም፣ ዓይናችንን ጨፍነን እጃችን የት እንዳለ የሚነግረን የመገጣጠሚያ ስሜትም ቸል አይባሉ ያለች ሴት ናት። ብዙ ደከመች። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ ለአባላቱ፣ አንጎል ይህን መልእክት ማዋሃድ ሲያቅተው ልጁ ላይ የሚታየውን ችግር ራሱን የቻለ በሽታ ብላችሁ ከመፈረጅ ተቆጠቡ፣ ከጀርባው ኦቲዝም ወይም የትኩረት ችግር ወይም ጭንቀት እንዳለ መርምሩ አለ። በዓመቱ የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለንክኪ ከልክ በላይ መቆጣትን ወይም ጭራሽ አለመሰማትን ከኦቲዝም ምልክቶች ተርታ አሰለፈው፤ ለብቻው ግን የበሽታ ስም አልሰጠውም። ችግሩ ያለበት ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለትም አይደለም። የባለሙያዎቹ ክርክር ስሙ ላይ ነው እንጂ ልጁ መቸገሩ ላይ አይደለም። ምስኪኖች! ያን ሁሉ ተምረው ዛሬም «እስኪ እንመርምር» ነው የሚሉት። የእኛ ሐኪም ግን ወረፋው አንድ እርምጃ ሳይነቃነቅ ጨርሷል።

የበሽታ መዝገቡ አጭር ነው፤ ሁለት በሽታ ብቻ። ድምፅ፣ ብርሃን ወይም ልብስ የሚበዛበት ልጅ «ሞልቃቃ» ይባላል። ሰውነቱ ስሜት አልደርሰው ብሎ የሚሽከረከረው፣ የሚዘለው፣ ከግድግዳ ጋር የሚላተመው፣ የሸሚዙን አንገትጌ የሚያኝከው ደግሞ «ቀዥቃዣ» ነው። አንዱ ልጅ ሁለቱንም ሲሆን፣ ፀጉሩን ሲነኩት እየጮኸ ጥብቅ አድርገው ሲያቅፉት ሲረጋጋ፣ ሐኪማችን አይደናገርም። «አየሽ፣ ሲፈልግ ይችላል!» ይላል። ልጁ ትናንት የቻለውን ጫጫታ ዛሬ እንቅልፍ ስላጣ፣ ስለራበው ወይም ከጠዋት ጀምሮ ስለተጠራቀመበት ላይችለው ይችላል የሚለው ነገር በእሱ ዘንድ የወላጅ ሰበብ ነው።

ቤት ለቤት የሚያክሙም አሉ። ጠዋት ነው። ልጅቷ ካልሲዋን አጠለቀች፣ አወለቀች፣ እንደገና አጠለቀች፣ አለቀሰች። ነገሩ ጣቷ ጫፍ ላይ ያለው ስፌት ነው፤ ሌላው ሰው ካልሲውን ባጠለቀ በደቂቃ ውስጥ ይረሳዋል፣ እሷ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ይሰማታል። እናቷ ካልሲውን ገልብጣ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጋ አለበሰቻት። ልጅቷ ጫማዋን አድርጋ ተነሳች፤ አለቀ።

«አሸነፈችሽ!» አለች አክስት። «በእኛ ጊዜ ካልሲ ተመርጦ ነው እንዴ?»

ይህችው አክስት የቀሚሷ አንገት ላይ የነበረውን የፋብሪካ ምልክት በገዛችው ዕለት በመቀስ ቆርጣ ጥላዋለች። ያሳክካታል እኮ! የእሷ ቆዳ ስስ ነው፣ ልጅቷ ግን ባለጌ ናት። አጎትም ሹካ ሳህን ሲፍቅ በሰማ ቁጥር «ኧረ በፈጠራችሁ!» ብሎ ጥርሱን ይነክሳል፤ እስከ ዛሬ ማንም አልቆነጠጠውም።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ድምፅ ላስለቀሰው ጩኸት፣ ንክኪ ላስጨነቀው ቁንጥጫ፣ የሰው ብዛት ላስፈራው በሰው ፊት ማዋረድ፤ ከዚህ የተሻለ ቅመማ አላየሁም። ደግሞም ይሠራል! ልጁ አንዳንዴ ጸጥ ይላል። ሐኪሙ «አላልኩሽም?» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ልጁ የተረጋጋ ይሁን የደነዘዘ፣ ማታ የቤቱ በር ሲዘጋ ቀኑን ሙሉ ያፈነውን ሁሉ ያፍስሰው አያፍስሰው፣ እሱን አይመለከተውም። ክትትል የሚባል ነገር የለማ። አሻንጉሊት ተከልክሎ የሚያለቅስ ልጅ አልፎ አልፎ ሰረቅ አድርጎ የሚያየው ሰው መኖሩን ያረጋግጣል፣ አሻንጉሊቱን ሲያገኝም ዝም ይላል። ስሜት ያጥለቀለቀው ልጅ ግን አሻንጉሊቱን እጁ ላይ ቢያስቀምጡለትም አይሰክንም። እንዲህ ዓይነቱን ልዩነት ለማየት ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሐኪማችን ደግሞ ሥራ ይበዛበታል።

አንዳንድ መምህራንን ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። በእኩልነት ስለሚያምኑ የልጁን የጆሮ መከላከያ ያስወልቁታል፣ ብልጭ ድርግም በሚል መብራት ሥር ያስቀምጡታል፣ ከዚያ «ትኩረት የለውም» የሚል ደብዳቤ ለወላጅ ይጽፋሉ።

የሚያሳዝኑት ሐኪሙን የማይሰሙ ወላጆች ናቸው። ከመውጣታቸው በፊት ወዴት እንደሚሄዱ፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚኖር፣ መቼ እንደሚመለሱ ለልጁ ይነግሩታል። ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ይመርጣሉ። መጸዳጃ ቤት ያለው የእጅ ማድረቂያ ሳያጓራበት እጁን በወረቀት አድርቀው ይዘውት ውልቅ ይላሉ። ቀዥቃዣውን «ተቀመጥ!» በማለት ፈንታ ጋሪ ያስገፉታል፣ ከበድ ያለ ከረጢት ያስይዙታል፤ ጡንቻው ሥራ ሲያገኝ ሰውነቱ ሰከን ቢል ብለው። ሲያጥለቀልቀው ምክር አይደረድሩበትም፤ ድምፃቸውን ዝቅ፣ ቃላቸውን ቁጥብ አድርገው፣ ጸጥ ያለ ጥግ ፈልገው አብረውት ይቆያሉ። በኋላም መቼ፣ የት፣ ከምን ቀጥሎ እንደተነሳበት ጽፈው ለኦኩፔሽናል ቴራፒስት ያሳያሉ። (እዚህም ቢሆን ተአምር ሻጭ አይጠፋም፤ ልጅ ያረጋጋል ተብሎ የሚቸበቸበው ክብደት ያለው ሰደርያ በጥናት ሲፈተሽ እዚህ ግባ የሚባል ማስረጃ አልተገኘለትም።) በዚህ ከቀጠሉ ልጁ ሳይቆነጠጥ ሊያድግ ነው። ያኔ ሐኪሞቻችን ምን ሊሠሩ ነው?

ደግነቱ ሥራ አያጡም፤ መመርመር ያውቁበታል። ይህን የተጠራጠረ የሐኪማችን መኪና የታመመች ዕለት ይየው። ሞተሩ ያልለመደውን ድምፅ ሲያሰማ «ሞልቃቃ» አይላትም፣ በእርግጫም አይመታትም። ሬዲዮውን ዘግቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ይጥላል። መካኒክ ዘንድ ሲደርስም መቼ እንደጀመራት፣ ዳገት ላይ ይሁን ሜዳ ላይ፣ ስትሞቅ ይሁን ሳትሞቅ አንድ በአንድ ያስረዳል። መካኒኩ ቸኩሎ መዶሻ ያነሳ እንደሆነማ ደሙ ይፈላል፦ «ኧረ ቀስ፣ አንተ ሰውዬ! መጀመሪያ ምን እንደሆነች እይ እንጂ!»